መጽሐፉ አይዋሽም ያለችው ብዙነሽ

ብዙነሽ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ ለምለምን በሆዷ ይዛ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተብሎ የቀወት ገበሬ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ «ይበቃናል» ብለው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ። እሷ ግን ሆዷ እየገፋ፣ እግሯ እያበጠ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ባሏ ገሠሠ «ኧረ ምን ልትሆኚበት ነው? የቀበሌ ጸሐፊ ሊያደርጉሽ ነው?» ብሎ ሲስቅባት፣ «አባቴ እጁን የሰበሰበበትን መጽሐፍ ራሴ ልየው ብዬ ነው» አለችው። ገሠሠ ከዚያ በኋላ አልሳቀም፤ ነገሩን ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙነሽ ገና ልጅ ሳለች አባቷ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሰሰ። መሬቱ ከሮቢ ወንዝ ዳር ያለ፣ ውኃ የሚደርሰው፣ ማሽላው ሰው የሚውጥ መሬት ነበር። ባላጋራው ምስክር አጣ። ሽማግሌዎቹም አባቷን «እንግዲህ መጽሐፍ ይዘህ ማልና መሬቱ ያንተ ይሁን» አሉት። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መጽሐፉን ይዘው ሲጠብቁት፣ አባቷ እጁን ሰደደ፣ ቆም አለ፣ መልሶ ሰበሰበው።

«አልምልም» አለ። «ድንበሩን የገፋው ሟቹ አባቴ ነው። መሬቱ የሰውየው ነው።»

ያን ቀን ቤተሰቡ ከለሙ መሬት ወደ ጭንጫው ወጣ። ብዙነሽ ያደገችው በዚያ ጭንጫ ላይ፣ ጦሟን እያደረች ነው። እናቷ በምሬት «አንብበኸው እንኳ ለማታውቀው!» ስትለው፣ አባቷ «ሰው ይዋሻል፤ እሱ አይዋሽም» ይላል እንጂ ሌላ ማስረዳት አያውቅበትም። ልጅቱ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። የተራበ ሰው መሬቱን የለቀቀለት ነገር እውነት ካልሆነ አባቷ ሞኝ ነበር ማለት ነው። አባቷ ግን ሞኝ አልነበረም።

ፊደሉን ከለየች በኋላ ዶሮዎቿን ሸጣ ከደብረ ሲና ገበያ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገዛች። ስታነበው ባዕድ አልሆነባትም። ድርቅ አለበት፣ አንበጣ አለበት፣ በጉድጓድ ውኃ የሚጣላ እረኛ፣ ልጅ አጥታ የምታለቅስ ሴት፣ ወንድሙን የገደለ ወንድም አለበት። «ይሄን የጻፈው ሰው አገራችንን ይፋትን ሳያይ አልቀረም» ትል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሠፈሩ ሴቶች ግቢዋ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ እሷ እያነበበች፣ እነሱ ማሾ እየለቀሙ ይውላሉ።

ከሁሉም በላይ ያጸናት ግን የሰማንያ ሦስቱ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሟ ዘላለም ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከሄደ ዓመታት አልፈው ነበር። ሞቷል ተብሎ ተለቅሷል፣ ተዝካሩም ወጥቷል። በዚያ ግንቦት ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በአውራ ጎዳናው ላይ ጎረፈ፤ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ጠመንጃውን በቁራሽ ዳቦ የለወጠ። አንድ ጠዋት ብዙነሽ መጽሐፏን ዘርጋ ብታደርገው፣ ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ታሪክ ላይ ተከፈተላት። በዚያው ሳምንት ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ወታደር አጥሩን ተደግፎ «እትዬ» አላት። እልል ማለትም ማልቀስም አቃታት፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን በምን አመንሽው ለሚላት ሁሉ መልሷ ቅርብ ነበር። ማሳው ላይ በሬ የጠመደውን ወንድሟን በአገጯ ትጠቁምና «ያውልህ» ትላለች።

ለምለም አድጋ ትምህርቱ አልሆንላት ሲል ጀውሃ ከመንገድ ዳር አንድ ምግብ ቤት ተቀጠረች። የደሴ መስመር ከባድ መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል። ለዓመት በዓል ስትመጣ ለእናቷ ነጠላ፣ ለአባቷ ጫማ ይዛ ትመጣለች፤ ሳቋ ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። አንድ ሹፌር ሊያገባት ነው ተባለ። ቆይቶ ሹፌሩ መስመር ቀየረ ተባለ። ከዚያ ስለ እሱ የሚያወራ ጠፋ።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ለምለም ዕቃዋን በአንድ ፌስታል ይዛ ስትመለስ፣ ለብዙነሽ ከሩቅ ሌላ ሰው መስላት ነበር። ጉንጯ ገብቷል፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ ሳሉ አይለቃትም። ሸዋ ሮቢት ከተማ ወርደው ተመረመረች፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኘ። ጌታቸው የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነርስ እናትና ልጅን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሕዝቡ ዕድሜ ማራዘሚያ የሚለው መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀምሯል፤ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ሰው ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል አላቸው።

ወረፋው ላይ ያስሚንን ተዋወቁ። ያስሚን ከገበያው ጀርባ ልብስ የምትሰፋ፣ ባሏን በዚሁ በሽታ የቀበረች ሴት ነች። የለምለምን እጅ ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ በሰው ተደግፌ ነው የመጣሁት። ዛሬ ይኸው በእግሬ እመላለሳለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለቻት።

መድኃኒቱ ግን መጀመሪያ ላይ ለምለምን አሠቃያት። ያስመልሳታል፤ ዓይኗን ከከደነች ያቃዣታል። ጌታቸው «ሰውነቷ እስኪለምደው ታገሡ» ቢልም፣ ልጅ ስትጮኽ እየሰሙ መታገሥ ቀላል አይደለም። በዚህ መሐል አንዲት የሠፈር ሴት ከደጋ ወሬ ይዛ ወረደች። ከደብረ ሲና በላይ፣ ወደ ጣርማ በር መውጫ አንድ ፀበል ፈልቋል፤ በቃሬዛ የሄደ በእግሩ ይመለሳል። አጥማቂው ግን ከኪኒን ጋር አይሆንም ይላል። ወይ ያንን ወይ ይህንን።

ብዙነሽ እንደ ልማዷ ወደ መጽሐፏ ሄደች። ሳይጠራጠር አምኖ የለመነ እንደሚሰጠው የሚናገሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ እየፈለገች አነበበች። ነገሩ ተጣምሞ አልታያትም፤ እንደ ቀትር ፀሐይ ግልጽ ነበር። ገሠሠ በር ላይ ተቀምጦ «ልጅቱ ትናንት እህል ቀምሳለች፤ ለምን ትነካኪያታለሽ?» አለ። ትክ ብላ ስታየው አቀርቅሮ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምታነቢው አንቺ ነሽ» ብሎ ወጣ።

ለጌታቸው ልትነግረው ወረደች፤ ሰውን ሳያሰናብቱ መሄድ ነውር ነው ብላ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ፀበል አትሂዱ አላልኩም» አላት። «እኔም እጠመቃለሁ። ኪኒኑን ግን ይዛው ትሂድ።»

«አይሆንም አሉ።»

«ያለው ማን ነው? መጽሐፉ ነው? እርስዎ ያነባሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። መድኃኒት አትዋጡ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ብዙነሽ አሰበች። «እንደዚያ አይልም። የተጠራጠረ ምንም አያገኝም ነው የሚለው። በአንድ እጄ ፀበል በሌላው ኪኒን ይዤ አምኛለሁ ብል፣ ማንን ነው የማታልለው?»

«መጽሐፉ እውነት መሆኑንስ በምን አወቁ?» አለ ጌታቸው፤ ሊከራከራት ሳይሆን ግራ ገብቶት።

«የሞተ ወንድሜን መልሶልኛል።»

ጌታቸው የያዘውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የኔ ወንድም አልተመለሰም፣ እትዬ። ያኔ የሄደ ብዙ ሰው አልተመለሰም።»

«እናትህ አላነበበችም ይሆናል» አለችው።

ከአፏ ሲወጣ ክፋት አልመሰላትም፤ አዝናለት ነበር። ጌታቸውም አልተቆጣም። በር ድረስ ሸኝቷት «ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም ቀን ይምጡ» አላት።

ለምለምን የሎሚው ዛፍ ሥር አጎዛ ላይ አገኘቻት። ልጅቱ እናቷን ቀና ብላ አይታ «እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት።

«አያትሽ ለመጽሐፉ ብሎ መሬቱን ለቋል። መጽሐፉ አጎትሽን አምጥቶልኛል። ይሄን ያህል ዘመን አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«እኔ መጽሐፉን አላውቀውም። አንቺን ነው የማውቀው። አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ።»

የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከትራሷ ሥር አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። ብዙነሽ ያን ቀን የተሰማት ደስታ ነበር። ልጄ አመነች አለች በልቧ። ልጅቱ ያመነችው ምንን እንደሆነ እየነገረቻት፣ አልሰማቻትም።

ደጋው ለቆላ ሰው ጨካኝ ነው። ጉሙ ቀን በቀን ይወርዳል፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። እናትና ልጅ በላስቲክ በተሸፈነ ጎጆ ውስጥ ከሌሎች ፀበልተኞች ጋር ተጠጋግተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ማስመለሱ ተወ። ቅዠቱም ጠፋ። ለምለም እንቅልፍ ተኛች፤ ቆሎ ቆረጠመች፤ አንዴም ሳቀች። ብዙነሽ ወደ ቆላ በሚወርድ ሰው «ልጄ ድናለች በሏቸው» ብላ ላከች፤ ሠፈሩም እልል አለ። ያ ሁሉ ኪኒኑን በማቆሟ የመጣ እፎይታ መሆኑን የተረዳችው በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ ነው።

ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። ትኩሳቱ ተከተለ። ለምለም አፏ ውስጡ ቆስሎ መዋጥ አቃታት። ብዙነሽ አጥማቂው እግር ላይ ወድቃ «ምን ጎደለን?» ብትለው፣ «እምነት ጎድሏል» አላት። ጎጆዋ ገብታ ራሷን መረመረች። ብልቃጡ ትዝ አላት፤ አልጣለችውም ነበር፣ በነጠላ ቋጥራ ከስንቁ ሥር አኑራዋለች። ለምን እንዳኖረችው ራሷም አታውቅም። ጥርጣሬዬ ይሄ ነው አለች። ገደሉ አፋፍ ሄዳ ወረወረችው፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ ጉሙ ዋጠው። ቀልሏት ተመለሰች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለምለም የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ፣ በተሰባበረ ድምፅ «እማዬ፣ ኪኒኑ አለ?» አለች።

ብዙነሽ ዓይኗን ወደ ገደሉ አፋፍ መለሰች።

«ካለ ልውሰደው። ትንሽ ልሞክረው።»

«እንወርዳለን ልጄ። ጌታቸው ሌላ ይሰጠናል። አሁኑኑ እንወርዳለን።»

ሰው ለምና በቃሬዛ መንገድ አወጣቻት። ሽንኩርት ሊጭን ወደ ቆላ የሚወርድ አይሱዙ ባዶውን አገኙ፤ ሹፌሩ አዝኖላቸው ጆንያ አነጠፈላቸው። ደብረ ሲናን አልፈው ጠመዝማዛውን መውረድ ሲጀምሩ ቀትር ነበር። የቆላው ወላፈን ሽቅብ ሲመጣ ለምለም ዓይኗን ገልጣ «ሞቀኝ» አለች፤ ደስ ብሏት ነው ያለችው። ብዙነሽ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ የጤፉን ማሳ፣ የብርቱካኑን ተክል እየጠራች «ይኸው ደረስን» ትላታለች። ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ሹፌሩ ወርዶ ወደ ላይ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ብዙነሽ ግን ገና እያወራቻት ነበር።

ዓመቱ ሳይዞር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የንስሐ አባቷ አባ ወልደማርያም ለምእመኑ ሲናገሩ ሰማች። «ፀበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው። ኪኒን ጣሉ የሚላችሁን አትስሙ፤ ሁለቱንም ውሰዱ» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ብዙነሽ ሰው እስኪበተን ጠብቃ ቀረበቻቸው።

«አባ፣ ይሄ መቼ ተጻፈ?»

«ምኑ?»

«ሁለቱንም ውሰዱ የሚለው።»

አባ ወልደማርያም በክርስትና ስሟ ጠሯት። «አዲስ የተጻፈ የለም፣ ወለተ ሥላሴ። ድሮም ያው ነው። አነባበቡ ነው።»

«እኔም ያንኑ ነው ያነበብኩት።»

«ብቻዋን የቆመች ቃል ታሳስታለች። መጠየቅ ነበረብሽ።»

«አንቱንስ ብጠይቅዎ፣ ያኔ ምን ይሉኝ ነበር?»

ሽማግሌው መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ሐሰት መናገር አልቻሉም። «አላውቅም ልጄ» አሉ። «ያኔ ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ «አንብቢልን» ብለው ቢመጡ፣ ዓይኔን አሞኛል አለቻቸው። ሲደጋግሙባት በግልጽ «አላነብም» አለች። ገሠሠ አልወቀሳትም፤ የሚወቅሳት ቢሆን ይሻላት ነበር። ከማሳ ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ዘላለም ሲመጣ ደግሞ ልታየው አልቻለችም። ወንድሟ በደጅ ባለፈ ቁጥር፣ የእሱ መመለስ ልጇን ያስከፈላት ይመስላታል። እሱም ገብቶት እግሩን አሳጠረ።

ያስሚን ግን መምጣቷን አልተወችም። ሎሚው ሥር አብረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ብዙነሽ ጠየቀቻት።

«አንቺ መጽሐፍሽን በምን አመንሽው?»

ያስሚን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አሰበች። «ወላሂ፣ በምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ቁርአን ሲቀራ እሰማው ነበር። ያ ድምፅ ውሸት ሊሆን አይችልም። ዐረብኛውን ግን አላውቀውም፤ የከበደኝን ሄጄ የመስጊዳችንን አስተማሪ፣ ከቢርን፣ እጠይቃለሁ። በረመዳን ኪኒኑን እንዴት ላድርገው ብዬ ጠይቄያቸው፣ የታመመ አይጾምም፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ አሉኝ፤ አለቀ።»

«ባትወስጂ ይሻላል ቢሉሽስ ኖሮ?»

ያስሚን መርፌዋን ከጨርቁ ነቅላ ስፌቷን ቀጠለች። ብዙነሽም አላስጨነቀቻትም።

«እኔም እንዳንቺ ነኝ» አለች ቆይታ። «አባቴ ሳያነበው አመነው። እኔ ባባቴ አመንኩት። ለምለም በኔ። ማንበብ የቻልኩት እኔ ነኝ፤ በኔ እጅ ላይ ነው የተበጠሰው።»

«ተይው በቃ፤ አላህ የልብሽን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል።»

ከሰው ሁሉ የደበቀችው ሌላ ነገር ነበር። ብትክደው ትገላገል ነበር። መጽሐፉ የሰው ፈጠራ ነው፣ ተረት ነው ብትል፣ ቁጣዋን የምታሳርፍበት ታገኝ ነበር፤ አታልሎኛል ብላ ትረግመው ነበር። ሞከረችውም። አንድ ቀን ብቻዋን ማሽላ ስትጠብቅ ጮክ ብላ «ውሸት ነው» አለች። አንደበቷ አለው፤ ልቧ ግን እምቢ አለ። አባቷ እጁን ሲሰበስብ ታያት። እውነት ነው፤ አሁንም እውነት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ወዲህም ወዲያም መውጫ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ቅጥሩን ግን አታልፍም። ወንጌል ሲነበብ ከውጭ ቆማ ግንቡን ይዛ ትሰማለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳያልቅ ትሄዳለች።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጌታቸው ወደ አገሩ ዝውውር አግኝቶ ሊሄድ ሲል የሚያውቃቸውን ሰዎች እየዞረ ተሰናበተ፤ ብዙነሽ ቤትም መጣ። ሽንኩርት ማሳው ላይ ውኃ ስታጠጣ አገኛት። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሳመችው።

«ያኔ ስለ እናትህ የተናገርኩትን…» ብላ ጀመረች።

«ረስቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«አትረሳውም። አልቀየምከኝም ማለትህ ነው።»

ሁለቱም ውኃው በቦዩ ሲሄድ አዩ። ከዚያ ብዙነሽ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው።

«አንድ ነገር ንገረኝ፤ ዋሽተህ እንዳታጽናናኝ። ኪኒኑን ብትወስድ ኖሮ ትኖር ነበር?»

ጌታቸው ለሐኪም የሚመች መልስ ብዙ ነበረው። በሽታው ቆይቶባት ነበር ማለት ይችላል፤ እንዲህ ነው ተብሎ አይታወቅም ማለት ይችላል።

«አዎ፣ እትዬ» አላት። «እኔ እንደማውቀው ትኖር ነበር።»

ብዙነሽ ራሷን ነቀነቀች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ከልቧ ነው። መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ ብላ መረቀችው። እሱ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ጎዳናው ሲሄድ ውኃው ከቦዩ ሞልቶ መደቡን እየናደ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ጭቃውን በእጇ እየዛቀች ትገድበው ጀመር።